ሳህኑ የሚጠፋበት ጥልቀት

ሰው ሁሉ ባለሳህኗ ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አይከፋትም። ሳህኑ ምግብ የሚቀርብበት አይደለም። የሻይ ትሪ የሚያህል ክብ ብረት ነው፤ እንደተቆረጠ ዳቦ አራት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ክፍል ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር ተቀብቷል። መሐሉ ላይ በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ታስሮበታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በጀልባ ሐይቁ መሐል ድረስ ትሄድና ሳህኑን ቀስ እያለች ወደ ውሃው ታወርደዋለች። ከዓይኗ ሲጠፋ ቋጠሮውን ትቆጥራለች፤ መልሳ ስትስበው ብቅ ሲል ደግሞ ትቆጥራለች። የሁለቱ አማካይ የዚያን ቀን የሐይቁ ጥራት ነው። ሥራዋ ይኸው ነው።

"ለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?" ያላት ሰው ብዙ ነው።

"አዎ፣ ለዚህ ነው" ትላለች። "ዓይኔን አከራይቼ ነው የምኖረው።"

ሥራውን ያገኘችው በክርክር ነው። መጀመሪያ ላይ ሐይቁ ዳር ባለው የምርምር ጣቢያ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ያኔ ሳህኑን የሚያወርዱት ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ ነበሩ። ክንዳቸው እንደ ጉማሬ ጠንካራ፣ አንደበታቸው ደግሞ ከክንዳቸው የባሰ። አንድ ማክሰኞ ጠርሙስ ያዡ ሠራተኛ አሞት ቀረና እሷ አብራቸው ተላከች። ጋሼ ሳህኑን አወረዱ። "ጠፋ! ሦስት ሜትር። ጻፊ!" አሏት።

እሷ ከጀልባው ጠርዝ አንገቷን አስግጋ ታያለች። "የቱ ጋ ጠፋ ጋሼ? ቁጭ ብሎ እያየኝ እኮ ነው።"

"ማን?"

"ሳህኑ ነዋ!"

"አንቺ፣ እኔ ሃያ ዓመት ያወረድኩትን ሳህን ልታስተምሪኝ ነው?"

"ኧረ አያምጣው! ግን እስቲ ትንሽ ይልቀቁት።"

ጋሼ እየተነጫነጩ ለቀቁት። አራት ሜትር፤ "አለ" አለች። አምስት፤ "አለ"። አምስት ተኩል፤ "አለ፣ ነጩ ይታየኛል"። ስድስት ሜትር ሲሞላ "አሁን ጠፋ" አለች። ጋሼ ገመዱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ውሃውን አዩ። ከዚያ ጀልባው እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቁ። ለካ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ኖሯል፤ ኩራታቸው ይዟቸው ለማንም አልተናገሩም። ጣቢያው ለሁለት ዓመት "ሐይቁ እየደፈረሰ ነው" ብሎ ሲጽፍ የከረመው ስለ ሐይቁ ሳይሆን ስለ ጋሼ ዓይን ነበር። ጋሼ ራሳቸው ወደ ጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገብተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ እኔ እቀዝፋለሁ፣ ይቺ ታያለች" አሉ። በኋላ ሞራው ተገፎላቸው ጥርት አድርገው ማየት ቢጀምሩም ሳህኑን አልጠየቁም። መቅዘፉ ተስማምቷቸው ነበር።

እንዲህ ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ሐይቁ በዝናብ ወራት አራት ሜትር፣ በበጋ ስድስት፣ አንዳንዴም ስድስት ተኩል ያሳያል። ደብተሯን ሳትከፍት የየወሩን ትናገራለች። ታዲያ አንድ ማክሰኞ ሳህኑ አራት ሜትር ላይ ጠፋ፤ ወቅቱ በጋ ነው። በሚቀጥለው ወር ሦስት ተኩል ሆነ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት። በዚያው ልክ ሐይቁ መልኩን ለወጠ። ሰማያዊም አይደል፣ አረንጓዴም አይደል፤ ከውስጡ መብራት የበራበት ይመስል ያበራ ጀመር።

ከተማው በደስታ አበደ። ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ከሩቅ ይመጡ ጀመር። ባለካፌው ወንበሮቹን በሙሉ በሐይቁ ቀለም ቀባና በሩ ላይ "ሰማያዊው ሐይቅ" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ሰው ሁሉ "እንዴት አማረ!" ሲል ባለሳህኗ ግን በሆዷ "ሁለት ሜትር" ትላለች። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

በጣቢያው ዶክተሯ የሚሏት ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ባለሳህኗን "እትዬ" እያለች ነው የምትጠራት፤ ባለሳህኗ ደግሞ በዕድሜ ብትበልጣትም ለትምህርቷ ክብር "እርስዎ" ትላታለች። ሁለቱ እርስዎ ለእርስዎ እየተባባሉ፣ እንደ ጓደኛሞች ግን ይሳሳቁ ነበር። ባለሳህኗ አንድ የብርጭቆ ማሰሮ ውሃ ከሐይቁ ቀድታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት።

ዶክተሯ መጋረጃውን ዘጋችና በማሰሮው ብርጭቆ በኩል የእጅ ባትሪ አበራች። ብርሃኑ አቧራ በሞላበት ክፍል ውስጥ እንደሚገባ የፀሐይ ጨረር ውሃው ውስጥ ተሰመረ። "አዩት እትዬ? ንጹሕ ውሃ ቢሆን ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን ግን የሚመታው ነገር አግኝቷል። ደቃቅ ቅንጣት ተንሳፍፎበታል፤ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጋጨ ይበተናል። ቀዩን ውሃው ራሱ ይውጠዋል፤ ሰማያዊውና አረንጓዴው ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ያ ሁሉ ሙሽራ ፎቶ የሚነሳው በዚህ ነው።"

"ቅንጣቱስ ምንድን ነው? አልጌ ይሆን?"

"እሱን እሳት ይነግረናል።"

ውሃውን በስስ ወረቀት አጣሩት። አልጌ ቢሆን ወረቀቱ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ይኼኛው ነጭ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱን እቶን ውስጥ ከተቱት። ሕይወት ያለው ነገር ይቃጠላል፤ ይኼ ግን አልተቃጠለም። ከእቶኑ ሲወጣ ወረቀቱ ጠፍቶ ነጩ ዱቄት ብቻ ተቀምጦ ነበር። ዶክተሯ አንድ ጠብታ አሲድ ስታንጠባጥብበት ሽሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ።

"ድንጋይ ነው" አለች ዶክተሯ። "የኖራ ድንጋይ ዘር። እብነ በረድ ሳይሆን አይቀርም።"

ባለሳህኗ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ አሸችው። ይህን ዱቄት ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከልብስ ስታራግፈው፣ ከፀጉር ስታበጥረው፣ ከአልጋ ልብስ ላይ ስትጠርገው ሃያ ዓመት ኖራለች። የታናሽ ወንድሟ ዱቄት ነው።

እናታቸው ከሞተች በኋላ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። ከልጅነቱ ጀምሮ ድንጋይ ጠራቢ ቤት ውሎ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ "ዱቄቴ" ትለዋለች፤ አርባ ዓመት አልፎት፣ የራሱን የእብነ በረድ መቁረጫ ከፍቶም ዱቄቴ ነው። ሱቁ ሐይቁን ከሚመግበው ወንዝ አጠገብ ነው። የደረጃ ድንጋይ፣ የኩሽና ጠረጴዛ፣ የመስኮት ደፍ ይቆርጣል። ድሮ በደረቁ ሲቆርጥ ሳል አላስቀምጥ አለው። "ሳንባህን በድንጋይ ልትሞላው ነው? ውሃ እየረጨ የሚቆርጠውን ትልቁን መጋዝ ግዛ!" ብላ አንድ ዓመት ሙሉ የነዘነዘችው እሷው ነበረች። ገዛ፤ ሳሉም ተወው። ዱቄቱ ሳንባውን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ሐይቁ ገባ።

"ራሴ ነኛ" አለች ለዶክተሯ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። "ምክር ሰጪዋ እኔ፣ ለካሁት ባይዋም እኔ!"

በማግስቱ ሱቁ ሄደች። ትልቁ መጋዝ እየጮኸ ነው፤ ወተት የመሰለ ውሃ በሲሚንቶው ቦይ ውስጥ እየተንዶለዶለ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወንድሟ አይቷት ማሽኑን አጠፋ።

"እታለም! ምን እግር ጣለሽ?"

ሁሉንም ነገረችው። እየሰማት ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። እሷ የጠበቀችው ድንጋጤ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነው።

"ቆይ ቆይ" አለ። "ሐይቁን ያሳመርኩት እኔ ነኝ እያልሽኝ ነው?"

"አደፈረስከው ነው ያልኩህ።"

"እኔ! ይህን ሁሉ ሙሽራ ያመጣሁት እኔ! እታለም፣ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም፤ ሐይቅ ቀባሁ!"

ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው። ለአናጺው ተናገረ፣ ለሹፌሩ ተናገረ፣ ፀጉሩን ለሚያስተካክለው ተናገረ። ባለካፌው ወንበር ስቦለት፣ "ዛሬ ሒሳብ የለም፣ የሐይቁ ሠዓሊ!" ብሎ ጭማቂ ጋበዘው። ባለሳህኗ ስትመክረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

"ውሃው እኮ ያበራል!" ይላታል። "ብርሃን ጎደለ የምትሉት የቱ ነው?"

"ጭጋግም ያበራል" አለችው አንድ ቀን። "በጭጋግ ውስጥ መኪና ስትነዳ የማታየው ጨልሞብህ ነው? ብርሃኑ ሞልቷል፤ ግን ተበታትኖ መንገዱ ጠፍቶበታል።"

"ነገረኛ ነሽ" አለና ጭማቂውን ጠጣ።

ክርክር እንደማያዋጣ ሲገባት ሌላ መንገድ አሰበች። ወንድሟ ከድንጋይ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ዓሣ ማጥመድ ነው። እሑድ እሑድ ከነዘንጉ ሐይቁ ዳር ይውላል። ዓመት ከሁለት ወር ሆነው ግን አንድም አልያዘም። መጀመሪያ መንጠቆውን ወቀሰ፤ ቀጥሎ ገመዱን፤ በመጨረሻ "ጎረቤቴ ዓይኑን ጥሎብኛል" ማለት ጀመረ። እሑድ ጠዋት ደወለችለት።

"ዘንግህን ይዘህ ና። ጋሼ ጀልባውን ያወጣሉ፤ መሐል ድረስ ወስደን እናስጠምድሃለን።"

በሩጫ መጣ። ጋሼ እየቀዘፉ ሐይቁ መሐል አደረሱት። ወንድሟ የሚወደውን፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን አንጸባራቂ ብረት መንጠቆው ላይ አሰረና ሊወረውር ሲል እጁን ያዘችው።

"አትወርውር። ቀጥ አድርገህ አውርድ፤ እኔም ሳህኔን አወርዳለሁ። አብረን እንይ።"

ሳህኑና ብረቱ ጎን ለጎን ወረዱ። ግማሽ ሜትር ላይ ሁለቱም ይታያሉ። አንድ ሜትር ላይ ብረቱ ደበዘዘ። አንድ ተኩል ሲሆን ብረቱ የለም፤ ሳህኑ ብቻ እንደ ደመና የጋረዳት ጨረቃ ቀረ። ሁለት ሜትር ላይ እሱም ጠፋ።

"ዓሣው የት ነው ያለው?" አለችው።

"ከታች ነዋ። አራት ሜትር፣ አምስት ሜትር።"

"ታዲያ ብረትህን በምን ይየው?"

"ዓይን የለውም እንዴ?"

"አለው። ዱቄት ነዛህበት እንጂ።"

ጋሼ መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ። "እኔ ከአጥማጆቹ ጋ ነው የምውለው" አሉት። "በዓይኑ እያየ የሚያድነው ዓሣ ከስቶ ጭንቅላትና ጭራ ብቻ ሆኗል። በጺሙ እየዳበሰ የሚበላው ደግሞ ወፍሯል፤ እሱ ምን ቸገረው! ግማሹ ዓሣ እየጾመልህ ነው፣ ልጄ።"

"ከታች ያለው ሣርም እየሞተ ነው" አለች እህቱ። "ትንሹ ዓሣ የሚደበቀው እዚያ ነበር። ብርሃን ሳህኑ ከጠፋበት በታችም ጥቂት ይወርዳል፤ ዶክተሯ በመሣሪያ ለክታዋለች። ግን ብዙው ዱቄቱን እየመታ ወደ ሰማይ ስለሚመለስ ለሣሩ አይበቃውም።"

"እኔ ነኝ ያስራብኳቸው?" አለ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

"እኔና አንተ። መጋዙን ግዛ ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ወንድሟ ገመዱን ጠቀለለና፣ "ዓመት ከሁለት ወር ጎረቤቴን ስረግም ኖሬያለሁ እኮ" አለ። ጋሼ በሳቅ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው።

ሰውየው ሲኮራም ሲጸጸትም ልክ የለውም። እህቱ "ውሃው ረግቶ ከቆየ ዱቄቱ ታች ይተኛል" ስላለችው በዚያው ሳምንት ከሱቁ ጀርባ ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነጩን ውሃ ወደዚያ መለሰውና "ተገላገልኩ!" ብሎ ደወለላት። ሄዳ አየች። ጉድጓዱ ሞልቶ በሌላ በኩል ይፈሳል፤ የሚፈሰው አሁንም ወተት ነው።

"ይተኛል ብለሽኝ አልነበር?" አላት።

"ይተኛል፣ ግን እንቅልፍ እንቢ ያለው አለ" አለችና ከጉድጓዱ በብርጭቆ ማሰሮ ቀድታ ቢሮው መስኮት ላይ አስቀመጠችለት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሻካራው ዱቄት ታች ወረደ። የቀረው ደቃቁ ነው። በማግስቱም ነጭ፣ በሳምንቱም ነጭ። ወንድሟ ጠዋት ገብቶ መጀመሪያ የሚያየው ማሰሮውን ሆነ። "እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው" እያለ የበሽተኛ ሁኔታ እንደሚያሳውቅ ሰው ይደውላል። በአሥራ አራተኛው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ማሰሮውን አቅፎ ጣቢያ መጣ።

ዶክተሯ ማሰሮውን ተቀብላ፣ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ የሚጨመረውን ጨው የሚመስል ዱቄት በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጨመረችና አማሰለችው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ውሃው ውስጥ ነጫጭ ብጥስጣሽ ታየ፤ ብጥስጣሹ እየተለቀ እንደ ጥጥ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ወረደ። በግማሽ ሰዓት ላይኛው ውሃ ጥርት ብሎ በማሰሮው ማዶ የዶክተሯ ጣቶች ታዩ።

"ምን አደረጉት?" አለ ወንድሟ ዓይኑን አፍጥጦ።

"ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይሸሻሹ ነበር" አለች ዶክተሯ። "ማንም ማንንም አላስጠጋ ብሎ ስለሆነ ነው ተንሳፍፈው የቀሩት። አስታረቅናቸው። ሲተቃቀፉ ይከብዳሉ፣ ሲከብዱ ይወርዳሉ።"

ወንድሟ በአንዱ ጉድጓድ ፈንታ ሦስት በተርታ ሠራ። በመጀመሪያው ሻካራው ይቀራል፤ በሁለተኛው ማስታረቂያው ይጨመርበታል፤ ከሦስተኛው ንጹሑ ውሃ በፓምፕ ተመልሶ መጋዙን ያቀዘቅዛል። ወደ ወንዙ የሚሄድ ጠብታ የለም። የተጠራቀመውን ነጭ ጭቃ ደግሞ የግድግዳ ለሳኙ አይቶ፣ "ይህንማ ለእኔ ተውልኝ" አለና በየሳምንቱ በጋሪ ይወስድለት ጀመር።

ሐይቁ ግን በአንድ ጀምበር አልጠራም። ወንዙ እየገፋ፣ ያረጀው ውሃ በመውጫው እየወጣ፣ ደቃቁ ዱቄት በዝግታ እየተኛ ነው የተለወጠው። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ወንድሟ ከቀትር በፊት ይደውላል። "ስንት?" "ሁለት ሜትር ከሃያ።" "ባለፈው ሁለት ከሠላሳ አልነበር?" "ንፋስ ነበር፣ ከታች አንስቶታል።" "ንፋስ ደግሞ ከየት መጣ!" ብሎ ዘግቶባት ያውቃል። በስድስተኛው ወር ሦስት ሜትር ሞላ። የዚያን ዕለት ሱቁን ዘግቶ ዋለ።

ቀለሙ መደብዘዝ ሲጀምር ግን ባለካፌው መንገድ ላይ አስቆማት።

"እትዬ፣ ሐይቄን ምን አደረጉብኝ? ወንበሬ እኮ ከውሃው ጋር አልገጥም አለ!"

"እየጠራልህ ነው።"

"ማን ጥራ አለው? ያምር ነበር እኮ!"

እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር፤ እሷም ብቻዋን ስትሆን ቆማ ታየው ነበር። "አዎ፣ ያምር ነበር" አለችው። ባለካፌው ይህን አልጠበቀም፤ እያጉረመረመ ሄደ። ወንበሮቹን እስከ ዛሬ አልለወጠም፤ ሰላምታውም ከዚያ ወዲህ በግማሽ አፍ ነው።

በሁለተኛው ዓመት በጋ ሳህኑ አምስት ሜትር ተኩል ላይ ጠፋ። ከጀልባው ላይ ሆነው ሲያዩ ከታች ሣሩ አረንጓዴ ብሎ በቁጥቋጦ በቁጥቋጦ ወጥቷል። ወንድሟ ከአንድ ወር በፊት የክንድ ያህል ዓሣ ይዞ ነበር። ይዞ፣ አይቶ፣ "ወፍሯል፣ ተመስገን" ብሎ መልሶ ለቀቀው። ጋሼ፣ "ይህን ሁሉ ጊዜ ጠብቀህ ያገኘኸውን ዓሣ ትለቃለህ?" ብለው ያን ቀን ሙሉ አላናገሩትም።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብዳቤ ወደ ጣቢያው መጣ። በሌላ ሐይቅ ዳር አዲስ የተከፈተ ጣቢያ አራት ሠራተኞች ቀጥሯል፤ ሳህን የሚያስተምራቸው ሰው ይፈልጋል። ዶክተሯ ደብዳቤውን ስታነብላት ባለሳህኗ፣ "ማንን ልንልክ ነው?" አለች።

"እርስዎን ነዋ።"

"እኔን? እኔ ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ እኮ!"

"ጠርሙስ ማጠቡንም ያስተምሯቸው" አለች ዶክተሯ።

በሕይወቷ ከከተማዋ ወጥታ አድራ አታውቅም። ወንድሟ አዲስ ሻንጣ ገዝቶ አመጣላት፤ ጋሼ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኟት። ሦስት ቀን ቆየች። አራቱን ሠራተኞች በጀልባው ጥላ በኩል ጎንበስ ብለው እንዲያዩ፣ ፀሐይ ስታንጸባርቅባቸው እንዳይገምቱ፣ "አየሁ" ለማለት እንዳይቸኩሉ አስተማረቻቸው። ዓይኑ የደከመ ካለ ሳያፍር እንዲናገርም የጋሼን ታሪክ ነገረቻቸው፤ በሳቅ ፈረሱ።

ስትመለስ ወንድሟ ቤቷ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

"ሐይቃቸው እንዴት ነው?" አላት፣ ሻንጣዋን እየተቀበለ።

"ቡናማ ነው። ሳህኑ ሰባ ሳንቲሜትር ላይ ይጠፋል።"

"ሰባ! ምን ገባበት?"

"ቀይ አፈር። የእኛ ዱቄት ብርሃኑን መልሶ ይወረውረው ነበር፤ የእነሱ አፈር ደግሞ ይውጠዋል። ለዚህ ነው ማንም ፎቶ የማይነሳበት።"

"ከየት ነው የሚመጣው? አጥፊው ማን ነው?"

ባለሳህኗ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች።

"አላወቅንም" አለች። "እዚያ ወንድም የለኝም፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል።"